ያውቁ ኖሯል? አፍሪካ፦ ዝናብ የወሰናት አህጉር

የካንሰርም የካፕሪኮርንም የሐሩር መስመር የሚያልፍባት ብቸኛ አህጉር አፍሪካ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? የምድር ወገብም መሃሏን ያቋርጣታል። ስለዚህ በአብዛኛው ግዛቷ ሙቀቱ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። ደኑን ከሣር ምድሩ፣ ሣር ምድሩን ከበረሃው የሚለየው፣ ገበሬው መቼ እንደሚዘራ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው ዝናቡ ነው፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የሚመጣበት ወርም ጭምር።

ዝናቡ ፀሐይን ይከተላል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ የእኛን ክረምት ያመጣል፤ በጥር ዛምቢያና ሞዛምቢክን ያርሳል። የኮንጎ ወንዝ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ስለሚያቋርጥ የተፋሰሱ ከፊል በጋ ሲሆንበት በሌላው ከፊል ይዘንባል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሳይጎድል በሰከንድ በአማካይ 41,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ወደ አትላንቲክ ይለቃል። አባይ ግን የአንድ ክረምት ልጅ ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ከፍለው አንዱን በወንዙ ሙላት የሰየሙት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በሚጥለው ዝናብ ምክንያት ነበር፤ እነዚያን ተራሮች አብዛኞቹ በዓይናቸው ባያዩአቸውም።

በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ በበጋ የሚለመልም ዛፍስ? በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ግራር ነው። ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ጥላ አይጥልበትም፤ ሣር በደረቀ ጊዜ ደግሞ ቅጠሉና ፍሬው ለከብት ይደርሳል፤ ሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ እስከ ዛምቢያም ድረስ ገበሬዎች ከማሳቸው መሃል ሳይቆርጡ የሚያቆዩት በከንቱ አይደለም። ከዛፍ ሁሉ ለገበሬ የሚያስብ ቢኖር ይህ ይመስለኛል።

ዝናቡ በሽታንም ይወስናል፦ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ (ጼጼ) ጥላና እርጥበት ትወዳለች። እሷ በሰፈነችበት ሰፊ የአፍሪካ ክፍል በሬና ፈረስ መኖር አልቻሉም፤ በሬ በሌለበት ሞፈርና ቀንበር አልገቡም፤ መሬቱ በዶማ ተቆፈረ፣ ሸክሙም በሰው ራስ ላይ ቀረ። የምዕራብ አፍሪካው የንዳማ ከብት ግን በሽታውን በተፈጥሮው ይቋቋማል። በአገራችን ደግሞ የጊቤ፣ የዴዴሳና የኦሞ ሸለቆዎች አርሶ አደሮች ችግሩን ዛሬም ያውቁታል።

ሰሃራ አረንጓዴ ነበር! ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ የምድር ዘንግና ምህዋር አቀማመጥ የሐምሌና የነሐሴን ፀሐይ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ስላበረታው ዝናቡ ዛሬ ከሚደርስበት እጅግ ወደ ሰሜን ዘለቀ። በአልጄሪያ ታሲሊ ናጀር ቋጥኞች ላይ የከብት መንጋና ጉማሬ ተስሎ ይታያል። ያ ዝናብ ያጠራቀመው ውኃ ሲደርቅ የቀረው አቧራ ዛሬ በነፋስ አትላንቲክን ተሻግሮ ለአማዞን ደን ፎስፈረስ ያደርሳል።

ከፍታስ? ሙቀቱን የሚለየው እሱ ነው። ቆላዋ ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ አማካይ የዓመት ሙቀት፣ ሰው በኖረባቸው ስፍራዎች ከተለካው ሁሉ ከፍተኛውን ይዛለች። በአየር ከ250 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ጅብራ የተባለው ተክል ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል፤ ሲነጋ መልሶ ይዘረጋል። ለዓመታት እንዲህ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል።

ጥቂቱን ዝናብ መያዝ የቻለው የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎም አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ድርቅ የአገሩን የያተንጋ ግዛት ምድር ድንጋይ ባደረገው ጊዜ፣ ዛይ የሚባለውን የቆየ ዘዴ አሻሻለ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በደረቁ መሬት ላይ ጉድጓዶች ይቆፍርና ፍግ ይጨምርባቸው ነበር። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፣ ምስጡ አፈሩን ይበሳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከመፍሰስ ይልቅ በቀዳዳው ይሰርጋል። በጉድጓዶቹ ማሽላ በቀለ፣ ቀጥሎም ደን። ዘዴው ወደ ኒጀርም ተሻግሯል።