የልጆች ጥርስ መቼ ይቃና?

የሰባት ዓመት ልጅ ሲስቅ ለተመለከተው ሰው ጥርሶቹ ሁሉ ሥርዓት ያጡ ይመስላሉ። አንዱ ወልቋል፣ ሌላው በግማሽ በቅሏል፤ አዲሶቹ የፊት ጥርሶችም ለፊቱ ከመጠን በላይ ሰፍተው ይታያሉ። ይህ በአመዛኙ ጤናማ የዕድገት ደረጃ ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ቦታቸውን ለቋሚዎቹ የሚለቁት ከ6 እስከ 12 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አስቸጋሪው ነገር በዚህ ሽግግር ውስጥ በራሱ የሚስተካከለውን መዛነፍ ሐኪም ከሚሻው መለየት ነው።

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ማንኛውም ልጅ ከ7 ዓመቱ ሳያልፍ በጥርስ ማቃናት ባለሙያ እንዲታይ ይመክራል። የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ ስለሚበቅሉ፣ የላይኛውና የታችኛው ረድፍ እንዴት እንደሚገጥሙ በዚህ ዕድሜ መለየት ይቻላል። መታየት ግን መታከም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ክትትል ብቻ ነው።

ቀድሞ መታከም ለሚገባው ችግር ግልጹ ምሳሌ የላይኛው መንገጭላ ጠባብ ሆኖ የጎን ጥርሶቹ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ልጁ በሚነክስበት ጊዜ ጥርሶቹ እንዲገጥሙለት አገጩን ወደ አንድ ጎን ያንሸራትታል፤ ይህ ከቀጠለ መንገጭላው ሳይመጣጠን ሊያድግ ይችላል። ላንቃ አንድ ወጥ አጥንት ይምሰል እንጂ በመካከሉ ቀጭን መጋጠሚያ አለው። በልጅነት መጋጠሚያው ገና ስላልጠነከረ፣ ከላይኛዎቹ መንጋጋዎች ጋር የሚታሰርና በብሎን የሚሰፋ መሣሪያ ሁለቱን ግማሾች ቀስ በቀስ ያራርቃቸዋል፤ በተከፈተው ቦታም አዲስ አጥንት ይሞላል። ከጉርምስና በኋላ ግን ያው ሥራ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

የወተት መንጋጋ በልቶት ያለጊዜው ሲነቀልም፣ «ያው የሚወልቅ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የ6 ዓመቱ መንጋጋ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ለሚመጣው ጥርስ የተጠበቀውን ቦታ ይይዝበታል። ይህንን አንዲት ቀለበትና ሽቦ ያላት ቦታ ጠባቂ መሣሪያ ልትከላከለው ትችላለች። በአገራችን ግግ ማስወጣት የሚባለው ጎጂ ልማድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ ለተቅማጥና ለትኩሳት መንስኤ ነው በሚል የሕፃኑ ድድ ተሰንጥቆ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ይወጣል፤ በአቅራቢያው የሚገኘው የቋሚው ክራንቻ ጅማሮም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ፊት የወጡ የላይ ጥርሶችን በተመለከተ ግን መቸኮል የሚታሰበውን ያህል ትርፍ የለውም። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ልጆችን በዕጣ የመደቡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በልጅነት ጀምረው በሁለት ዙር የታከሙትና በጉርምስና ዕድሜ በአንድ ዙር የታከሙት በመጨረሻ የጥርስና የመንገጭላ አቀማመጣቸው ተቀራራቢ ነው። ቀድሞ የመጀመሩ ጎልቶ የታየው ጥቅም፣ ልጆች በሚወድቁበትና በሚጋጩበት ጊዜ የፊት ጥርሶቻቸው የመሰበር አደጋ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ጥርሱ እጅግ ለወጣና ከኳስ ሜዳ ለማይጠፋ ልጅ ሁለቱ ዙር ከነወጪው ያዋጣል፤ ለሌላው መጠበቁ የተሻለ ይመስለናል።