ጂኤምዲ-1፦ ለቀጭን ሐዲድ የተሠራ ሎኮሞቲቭ

ጂኤምዲ-1 እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ለንደን በምትባል ከተማ በነበረው የጄኔራል ሞተርስ ዲዝል ፋብሪካ የተመረተ የናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። በጠቅላላው 101 የተሠሩ ሲሆን፣ 96ቱን የካናዳ ብሔራዊ ምድር ባቡር (ሲኤን)፣ የቀሩትን 5 ደግሞ የሰሜን አልበርታ ምድር ባቡር ወስደዋል።

ሎኮሞቲቩ የታሰበው ከምንም በላይ በምዕራብ ካናዳ ሜዳዎች ለተዘረጉት የቅርንጫፍ መስመሮች ነው። እነዚህ መስመሮች ስንዴን ከትንንሽ ከተሞች ጎተራ እየሰበሰቡ ወደ ዋናው መስመር ያደርሱ ነበር። ሐዲዳቸው ቀጭን፣ ከሥሩ የተነጠፈው ጠጠር ስስ፣ ብዙዎቹ ድልድዮቻቸውም የእንጨት ነበሩ። የእንፋሎት ባቡሮች ከሥራ እየወጡ ሲሄዱ የእነሱን ቦታ የሚይዝ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አስፈለገ። ይሁንና ከባድ ሎኮሞቲቭ ለማሳለፍ ሲባል ሥራው በመከር ወቅት ብቻ የሚደራን መስመር እንደ አዲስ መሥራት አያዋጣም ነበር። ስለዚህ ሐዲዱን ለሎኮሞቲቩ ከማጠንከር ይልቅ ሎኮሞቲቩን ለሐዲዱ ማቅለል ተመረጠ።

ሐዲድን የሚጎዳው የሎኮሞቲቩ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል (የመንኮራኩር ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ድርሻ ነው። ለምሳሌ 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በአራት አክስል ላይ ከቆመ በእያንዳንዱ ላይ 25 ቶን ያርፋል፤ አክስሎቹ ስድስት ከሆኑ ግን ድርሻው ወደ 16.7 ቶን ይወርዳል። ከጂኤምዲ-1 ውስጥ 83ቱ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሎኮሞቲቩ ቦጊ በሚባሉ ሁለት መንኮራኩር ያዥ ክፈፎች ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቦጊም ሦስት አክስሎች አሉት። የፊተኛውና የኋለኛው አክስል የየራሳቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲኖራቸው፣ መካከለኛው ሞተር ሳይኖረው ክብደት ብቻ ይሸከማል። ይህ አደራደር «ኤ1ኤ» ይባላል፤ «ኤ» የሚነዳውን፣ «1» የማይነዳውን አክስል ያመለክታል።

ይህ ቅለት ግን በነጻ አልተገኘም። ባቡር የሚጎትተው መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ ሲይዝ ነው፤ የመያዝ አቅሙም በሚነዱት አክስሎች ላይ ባረፈው ክብደት ይወሰናል። በመካከለኞቹ አክስሎች ላይ ያረፈው ክብደት ለመጎተት አይረዳም። በመሆኑም ተመሳሳይ ክብደት ኖሮት አክስሎቹ ሁሉ ከሚነዱ ሎኮሞቲቭ ይልቅ፣ ጭነት ሲበዛ ወይም ሐዲዱ ሲረጥብ መንኮራኩሩ ቶሎ ይንሸራተታል።

የቀሩት 18 በሲኤን የ1900 ተከታታይ ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው። እነዚህ አራት አክስል ብቻ ያላቸው ሲሆን አራቱም ይነዳሉ። ለመንገደኞች ባቡር የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ፉርጎዎችን በክረምት የሚያሞቅ የእንፋሎት ማመንጫ ተገጥሞላቸዋል።

የሁሉም የናፍጣ ሞተር 12-567ሲ የተባለው፣ 12 ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩት፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። 567 የሚለው ቁጥር የአንዱን ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ይገልጻል፤ ይህም 9.3 ሊትር ያህል ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በዚያን ጊዜ በሞተሩ የሚዞር ንፋስ ሰጪ ንጹሕ አየር ይገፋል፤ የተቃጠለው ጋዝም በላይ በኩል ባሉት አራት ቫልቮች ይወጣል። ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ አየሩን ያምቃል፤ ናፍጣም ይረጭበታል።

የናፍጣ ሞተሩ ከመንኮራኩሩ ጋር በማርሽ አይያያዝም። የሚያዞረው ጀነሬተር ነው፤ ከጀነሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በገመድ ወርዶ በአክስሎቹ ላይ ያሉትን አራት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ለማስነሳት ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ባትሪው ለጀነሬተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ጀነሬተሩም ናፍጣ ሞተሩን ያዞረዋል።

የነጂው ጋቢና በረጅሙና በአጭሩ ኮፈን መካከል ይገኛል። ሞተሩና ጀነሬተሩ ያሉት በረጅሙ ኮፈን ሥር ነው። ኮፈኑ ከሎኮሞቲቩ ወለል ስለሚጠብ በጎንና ጎኑ መተላለፊያ አለው፤ ሠራተኛው በዚያ ቆሞ የጎን በሮቹን እየከፈተ ሞተሩን መፈተሽ ይችላል። ነጂውም በሁለቱም አቅጣጫ ያያል፤ ይህ ፉርጎ ለማንሳትና ለመተው ወደፊትና ወደኋላ ለሚመላለስ ባቡር ይጠቅማል።

በኋላ ብዙ የቅርንጫፍ መስመሮች ስለተዘጉ የስድስት አክስል ቅለት እንደ ቀድሞው አላስፈለገም። ሲኤን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባለ ስድስት አክስሎቹ ሎኮሞቲቮች የተወሰኑትን ባለ አራት አክስል አድርጎ አደሳቸው፤ ጥቂቶቹም ወደ ኩባ ተሸጡ።