ኳሷ ስትበር ማን ምን ያያል?

ቀኑ አርብ፣ ኦክቶበር 8፣ 2021 ነበር። እኩለ ቀን አለፍ ብሏል። ሜልበርን በኮቪድ ምክንያት ገና አልተከፈተችም፤ ሜድስቶንም ውስጥ ብዙ ልጆች ቤት ናቸው። በዚያው ሰዓት አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ገና ሐሙስ ማታ ነው። ሲሆክስና ራምስ የሚባሉ ሁለት ቡድኖች የአሜሪካ ፉትቦል እየተጫወቱ ነው።

የሲሆክስ ኳስ መቺ ማይክል ዲክሰን ይባላል። የሲድኒ ልጅ ነው። ለአሜሪካ ጨዋታ የሚሆነውን አመታት የተማረው ግን እኛው ከተማ፣ ሜልበርን ውስጥ ነው፤ ናታን ቻፕማን በ2007 በመሠረተው ፕሮኪክ አውስትራሊያ በተባለ ማሠልጠኛ።

ዲክሰን ኳሷን ከእጁ ለቆ መታ። አንድ የራምስ ተጫዋች እጁን ዘርግቶ አገዳት። ኳሷ መሬት ላይ ተንከባለለች። ዲክሰን ሮጦ አነሳትና እየሮጠ እንደገና መታት! ኳሷ ርቃ ሄዳ ራምስ የሚከላከለው መስመር ሊደርስ 11 ያርድ ሲቀር ቆመች። ርቀቱ 68 ያርድ ሆኖ ተመዘገበ፤ 62 ሜትር ያህል ማለት ነው።

ዳኞቹ ቢጫ ጨርቅ ወረወሩ። ይህ ጨርቅ «ጥፋት አለ» የሚል ምልክት ነው። ከዚያ ተሰብስበው ተነጋገሩ። በመጨረሻ ጨርቁን አነሱት፤ ሁለት ጊዜ መምታቱ ሕጋዊ ነው አሉ። ተመልካቹ ግራ ተጋባ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዳኞቹ እንዴት ሊያውቁ ቻሉ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንረዳ። አንድ ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ዕድል አለው። በሦስቱ ካልተሳካለት፣ ብዙ ጊዜ በአራተኛው ኳሷን አርቆ ለተቃራኒው ቡድን ይመታል። ኳሷን ከእጅ ለቆ፣ መሬት ሳትነካ መምታት ፐንት ይባላል። ፉቲ የሚጫወት የሜልበርን ልጅ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው አሜሪካኖች መቺ ፍለጋ እዚህ ድረስ የሚመጡት።

በኤን ኤፍ ኤል ጨዋታ ሜዳ ላይ ሰባት ዳኞች አሉ። ፐንት ሲመታ ሰባቱም ኳሷን ቢከተሉ ሌላው ነገር ሁሉ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ሥራውን ይከፋፈሉታል።

ዋናው ዳኛ ከመቺው አጠገብ ይቆማል። የሚያየው እግሩን ነው። መቺው አንድ እግሩን አንስቶ በአንዱ ብቻ ሲቆም ራሱን መከላከል አይችልም፤ ያን ጊዜ በኃይል የገጨው ሰው እግሩን ሊሰብረው ይችላል። ቅጣቱም ከባድ ነው፤ 15 ያርድ፣ በዚያ ላይ መቺው ቡድን ኳሷን መልሶ ያገኛል። ኳሷ በሰማይ እየበረረች እንኳ ዋናው ዳኛ ቶሎ ቀና አይልም። አምፓየር የሚባለው ዳኛ ደግሞ መሀል ላይ የሚገፋፉትን ግዙፍ ተጫዋቾች ይመለከታል። (እኛ በፉቲ ሁሉንም ዳኛ አምፓየር እንላለን፤ እዚያ የአንዱ ዳኛ ስም ብቻ ነው።)

በሁለቱ ጎኖች፣ ጨዋታው በሚጀመርበት መስመር ላይ አንድ አንድ ዳኛ አለ። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ኳሷ መስመሩን እስክታልፍ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሌሎች ሲሮጡ እሱ ቆሞ ያያል። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ የዲክሰን ጥያቄ ግን እዚያ መስመር ላይ ነው የሚመለሰው። የታገደች ኳስ መስመሩን ካላለፈች፣ የመቺው ቡድን አንስቶ መሮጥ፣ መወርወር ወይም ከመስመሩ ኋላ ሆኖ እንደገና መምታት ይፈቀድለታል። ካለፈች ግን አይፈቀድም። ያንን መስመር የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ዳኞቹ ተሰብስበው ምን ይነጋገሩ ነበር?

የቀሩት ሦስቱ ሩቅ ናቸው። አንዱ ኳሷን ከሚቀበለው ተጫዋች አጠገብ ይቆማል። ተቀባዩ እጁን ከፍ አድርጎ ካወዛወዘ «እይዛታለሁ፣ አልሮጥም፣ አትንኩኝ» ማለቱ ነው፤ ዳኛው ይህን ማየት አለበት። ሁለቱ የሜዳውን ጠርዝ ይጠብቃሉ።

እኔ በጣም የምወደው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች ከሜዳ ብትወጣ፣ ጠርዙን የት እንዳለፈች ማን ያውቃል? በቅርብ የቆመው ዳኛ በትክክል ማወቅ ይቸግረዋል፤ ኳሷ ከራሱ በላይ ናት። ከኋላ ያለው ዋናው ዳኛ ግን የበረራዋን አቅጣጫ ያያል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ያለው ዳኛ እጁን አንስቶ በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ይመጣል። ዋናው ዳኛም ከሩቅ ሆኖ ይመለከተዋል፤ ትክክለኛው ቦታ ሲደርስ እጁን ወደ ታች ይጥልለታል። ያኔ «እዚህ ጋ» ተብሎ ይቆማል። በቅርብ ያለው ሰው ሩቅ ያለውን ይጠይቃል ማለት ነው።

በፉቲም ሥራው የተከፋፈለ ነው። ከ2023 ጀምሮ በኤ ኤፍ ኤል ጨዋታ አራት የሜዳ ዳኞች አሉ። የጠርዝ ዳኞች ለብቻቸው፣ የግብ ዳኞችም ለብቻቸው ናቸው። የተመታች ኳስ መሬትም ሰውም ሳትነካ ከወጣች ለተቃራኒው ቡድን ፍሪ ኪክ ይሰጣል፤ ይህ ሕግ ከ1969 ጀምሮ አለ። እዚያ ግን ጠርዙን የሚፈርደው አብሮ የሚሮጠው የጠርዝ ዳኛ ራሱ ነው።

ከሜድስቶን ብዙም በማይርቀው ዊተን ኦቫልም ሆነ በየሰፈሩ ትንንሽ ሜዳዎች አጥር ላይ ተደግፎ «አይታይህም እንዴ!» የሚል አባት አይጠፋም። እሱ ያየው ኳሷን ብቻ ነው። ዳኛው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ እግር፣ እጅ፣ መስመር። በልጆች ጨዋታ ደግሞ ያ ዳኛ የ15 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የመጀመሪያ ደመወዟን የምታገኝ የጎረቤት ልጅ። ጩኸቱ ለሷ ከባድ ነው። እንደሷ ያለች ልጅ ሥራውን ስትተወው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠርዙን የሚጠብቅ ይጠፋል።

በ2025 እንደተነገረው፣ በዚያች ሐሙስ ማታ ከዲክሰን ቡድን ጋር የተጫወተው ራምስ በ2026 ሜልበርን መጥቶ በኤም ሲ ጂ እንዲጫወት ታቅዷል። ፐንት ሲመታ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ ኳሷን ተዉአትና መስመሩ ላይ ያሉትን ሁለት ዳኞች ተመልከቱ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሮጥ፣ የትኛው እንደሚቆም ለአባባ ወይም ለእማማ በአማርኛ ንገሯቸው።