ደህናው ሚሞሪ ለምን ተሳሳተ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ የኢንቴል መሐንዲሶችን አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። 16 ሺህ ቢት ገደማ የሚይዘው አዲሱ ሚሞሪ አልፎ አልፎ የተጻፈበትን ይገለብጣል። በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሲጻፍበት ግን በትክክል ይይዛል። የተበላሸ ሚሞሪ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይስታል፤ የዚህኛው ስህተት ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው።

የፊዚክስ ባለሙያው ቲሞቲ ሜይ ጨረርን ጠረጠረ። በዚያ ሚሞሪ አንድ ቢት የሚያዘው አንድ ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ኤሌክትሮኖች ነበር። አንዲት የአልፋ ጨረር ቅንጣት ደግሞ ሲሊከን ውስጥ ስትገባ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታስለቅቃለች። ልኩ ገጠመ። ይሁንና አልፋን ተራ ወረቀት እንኳ ያግደዋል፤ ከውጭ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ምንጩ እዚያው ቺፑ ዘንድ መሆን ነበረበት። የሴራሚክ ማቀፊያው ሲመረመር ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም ተገኘበት። ሜይና የሥራ ባልደረባው መሬይ ዉድስ ግኝቱን በ1978 አስታወቁ።

ማቀፊያው ከዩራኒየምና ከቶሪየም ቢጸዳም ጉዳዩ አላበቃም። በ1979 የአይ.ቢ.ኤሙ ጄምስ ዚግለርና ዊሊያም ላንፎርድ ከጠፈር የሚመጣ ጨረርም ቢት ሊገለብጥ እንደሚችል አስረዱ። አይ.ቢ.ኤም ሚሞሪዎችን ከባሕር ወለል 3,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በኮሎራዶዋ ሌድቪል ሲፈትን ስህተቱ በዛ፤ ከመሬት በታች፣ ዓለት ሥር ሲፈትን ግን ጠፋ።

ይህ ለእኛ ለደገኞች ቅርብ ጉዳይ ነው። ግምጃ ቤትና እንጅባራ ባሉበት የአዊ ደጋ ከበላያችን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ስስ ስለሆነ የሚደርሰን ጨረር ይበዛል።

ሆኖም አዲስ ሚሞሪ ገብቶ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ ቀጥ ቢል ጥፋቱን በጨረር አናሳብ፤ የጨረር ስህተት እንዲህ አይመላለስም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከመብራት መንቀል፣ ሚሞሪውን አውጥቶ በደንብ መልሶ መሰካት፣ ከአንድ በላይ ከሆነም ተራ በተራ፣ ማስገቢያውን እየቀያየሩ በመፈተሻ ፕሮግራም ማየት ይገባል። ስህተቱ ሚሞሪውን ተከትሎ ከሄደ ሚሞሪው ይመለስ፤ ከማስገቢያው ጋር ከቀረ ማዘርቦርዱ ይታይ።

ለሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ ሰርቨር የምትገዙ ግን ስህተቱን ራሱ የሚያርም ሚሞሪ ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሕመምተኛ መዝገብና የተማሪ ውጤት ግን በአንድ ቢት መዛባት የለበትም።