በጉበት የሚተኛው ወባ

ወደ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው መድኃኒት ወስዶ፥ ድኖ ወደ ደጋ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግመኛ ሲያንዘፈዝፈው እናያለን። በሚኖርበት ከተማ የወባ ትንኝ የለችም፤ ስለዚህ ወይ በብርዱ ወይ በበላው የበቆሎ እሸት ያመካኛል። እሸቱ የሚደርሰው ትንኝ በምትበዛበት ወራት ስለ ሆነ በከንቱ ይታማል እንጂ ወባን አያመጣም።

የወባ ተሐዋሲ ከሴቲቱ አኖፌሌስ ትንኝ ምራቅ ጋር ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጉበት ገብቶ ይሸሸጋል። በዚያም አንዱ ተሐዋሲ በአንድ ሳምንት ገደማ ብዙ ሺህ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሕመም አይሰማውም፤ ደሙ ቢመረመርም አንዳች አይገኝበትም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 (እ.ኤ.አ.) ተሐዋሲውን በአልጄሪያ በሰው ደም ውስጥ አይቶት ነበር፤ በሰው ጉበት መሸሸጉን ግን ሾርትና ጋርናም የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ያረጋገጡት በ1948 ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት ከሊቃውንት ዓይን የተሰወረ ጠላት!

ከጉበት ሲወጣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይወርራል፤ በውስጣቸው እየተመገበ ይበዛና አፈንድቷቸው ወደ ሌሎች ይተላለፋል። ብርዱና ትኵሳቱ የሚመጣው ሕዋሳቱ በሚፈነዱበት ሰዓት ነው። በአገራችን በሚበዙት በሁለቱ ዓይነቶች፥ በፋልሲፓረምና በቫይቫክስ፥ ይህ ዙር 48 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

በጠባይ ግን ይለያያሉ። ፋልሲፓረም የያዛቸው ሕዋሳት በአንጎልና በሌሎች ብልቶች ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ተጣብቀው መተላለፊያውን ይዘጋሉ፤ ሰውን ፈጥኖ የሚገድለው በዚህ ነው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ፥ አብዛኛው በዚህ ዓይነት፥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ቫይቫክስ ይህን ያህል ገዳይ አይደለም፤ ተንኰለኛ ግን ነው። ወደ ጉበት ከገቡት ተሐዋስያን ከፊሎቹ ሳይበዙ ይተኛሉ፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅተው ደሙን ይወርራሉ። ትንኝ በሌለበት ደጋ ወባ የሚያገረሸው ስለዚህ ነው።

ክሎሮኪን በደም ያሉትን የቫይቫክስ ተሐዋስያን ይገድላል እንጂ በጉበት የተኙትን አይነካም። የተኙትን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይዋጣል። ትኵሳቱ ቀድሞ ስለሚበርድ ብዙ ሰው የቀረውን ክኒን በመሳቢያ ያኖረዋል፤ በጉበት የተኙትም በሕይወት ይቀራሉ። ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም፤ ቀይ ሕዋሳትን የሚጠብቀው ኤንዛይም ከትውልድ የጐደላቸው ሰዎችም ቢወስዱት ደማቸው ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም መርምሮ ሲያዘው ይወሰዳል እንጂ ከጎረቤት ተቀብሎ አይዋጥም።