ከሎጁ በፊት ውሃው

በ1969 ዓ.ም. የወጣው የወረቀት አንድ ብር ጀርባው ላይ ወፎችና ጢስ ዓባይ ነበሩበት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዳቦ ተገዝቶበታል፣ የታክሲ ሒሳብ ተከፍሎበታል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለነዳያን ተመጽውቶበታል። ባሕር ዳርን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ጢስ ዓባይን የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነበር። ብሩ በሳንቲም መተካት የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ሲሆን የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። እውነተኛው ፏፏቴ ግን ከዚያ በፊትም፣ በዓመቱ ብዙ ወራት፣ ብሩ ላይ ያለውን ሥዕል መምሰል ትቶ ነበር።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ከተማ ይደረሳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የእግር ነው። ቁልቁለቱ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ.፣ ወደተሠራው የድንጋይ ድልድይ ያወርዳል፤ ያ ሰፊ ወንዝ እዚያ ጋ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጨርሱ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል። መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ የሄደ ሰው ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል፤ ካፊያው ልብሱን ያረጥበዋል፤ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል እስከ 400 ሜትር የሚሰፋ ውሃ ሲወርድ ያያል። ሚያዝያ ላይ የሄደው ደግሞ የሚያየው ጥቁር አለት ነው። በአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ በካፊያው የሚለመልመው ሣር ደርቋል፤ አስጎብኚው ወጣትም እጁን ወደ አለቱ ዘርግቶ ውሃው ቀደም ሲል እስከ የት ይደርስ እንደነበር ያስረዳል። ሁለቱም ጎብኚዎች አንድ ዓይነት ትኬት ነው የቆረጡት።

በጋ ሁሉ ድርቅ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ሐይቅ ከኋላው አለ፤ ስለዚህ በተፈጥሮው በበጋም ጨርሶ የሚጠፋ ወንዝ አይደለም። ፏፏቴውን ያሳጣው የውሃው መንገድ መለወጡ ነው። ጢስ ዓባይ አንድ የተባለው ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ታስቦ የተሠራ፣ ከወንዙ ጥቂት ብቻ የሚወስድ ነበር፤ ፏፏቴውም ብዙም አልጎደለበትም። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ መውጫ ላይ ተሠራ፤ በኋላም በሮቹ ሰባት ደረሱ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ።

ሁለቱ ማመንጫዎች የሚሠሩት ፏፏቴው በሚወርድበት ከፍታ ነው። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ወደ ቦይ ይገባል፣ ተርባይኑን ያዞራል፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ወንዙ ጠብታ አይጎድልበትም። የሚጎድልበት ፏፏቴው ነው፤ ቦዩ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ገደሉ ላይ የማይወርድ ሜትር ኩብ ነው። ጉዳዩን ከብዙው የግድብ ክርክር የሚለየው ይህ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ኃይልና ውበት አንዱን ውሃ፣ አንዱን ከፍታ፣ በአንድ ሰዓት ነው የሚሻሙት።

መጀመሪያ የደነገጡት ግን የፏፏቴው ሰዎች ሳይሆኑ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ዝናቡ ቀንሶ ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ሳይቀንስ በመቅረቱ የጣና ከፍታ በተመዘገበ ታሪኩ ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወረደ። የሐይቁ ትራንስፖርት ተስተጓጎለ፤ ውሃው ከሸሸበት ዳርቻ ላይ ገበሬው አረሰ። ጣና እንደ ባልዲ የሚቀዳ እንዳልሆነ ያን ዓመት በግልጽ ታየ።

ከዚያ በኋላ የዓለም አቀፉ የውሃ አያያዝ ተቋም ተመራማሪዎች በፏፏቴው አካባቢ ያለውን ፍሰት አጥንተው ቁጥር አወጡ። በዚያ የወንዝ ክፍል ውስጥ ያለው ሕይወት መሠረታዊ ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲቆይ በአማካይ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል፤ ይህም ከዓመታዊው ፍሰት 22 በመቶ ነው። ከ2001 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት የየዓመቱ ድምር ከዚህ በላይ ነበር። በብዙ ወራት ግን የወሩ ፍሰት ከሚያስፈልገው 70 በመቶ እንኳ አልሞላም። ክረምቱ የሞላው በጋው ያጎደለውን በወረቀት ላይ ሸፈነለት ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው፤ አጥኚዎቹ ይህ ቁጥር የፏፏቴውን ውበት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ውሃ እንደማይጨምር በግልጽ ጽፈዋል። 862 ሚሊዮን ለዓሣው፣ ለዳርቻው ዛፍና ለወንዙ ጤና ነው። ለሚታየው ነገር፣ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ለሚያየው ነገር፣ ገና ምንም አልተመደበም።

ይህን የምጽፈው መካኒሳ አቦ ተቀምጬ ነው፤ ራሴንና ሰፈሬንም ከክርክሩ ማውጣት አልችልም። የጢስ ዓባይ ኃይል የሚገባው ወደ አገሪቱ የጋራ መረብ ነው፤ እኛ ቤት ያለው አምፖልም የሚበራው ከዚያው መረብ ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆኖ በነበረበት ወቅት በእኛ ሰፈር እኩለ ሌሊት ላይ የምጣድ ሽታ ይሸት ነበር። መብራት ሲመጣ እናቶች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወፍጮ ቤቱም ሌሊት ይፈጫል። ያን ጊዜ ፏፏቴው ውሃ ይለቀቅለት ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው አልነበረም፤ እኔም አልጠይቅም ነበር። ከመካኒሳ አቦ ደጅ በአውቶቡስ ተነሥተው የጣናን ገዳማት ለመሳለም የሚሄዱ ምዕመናን ግን ሲመለሱ ጢስ ዓባይ ደርሰው ደረቅ አለት አይተው መምጣታቸውን በቅሬታ ይናገራሉ። መብራቱንም ፏፏቴውንም የምንፈልገው እኛው ነን።

በ2010 እ.ኤ.አ. ጣና በለስ ሲመረቅ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ማመንጫ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ ሸለቆ ይወስዳል፤ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ። የድሮዎቹ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ሥራ በዚህ በመቀነሱ ፏፏቴው በከፊል ተንፈስ አለ። ነገር ግን አዲሱ ማመንጫ ውሃውን ገና ከሐይቁ ነው የሚወስደው፤ ወደ ፏፏቴው የሚመጣው የተረፈው ነው። በፕሮጀክቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ላይ ለዓባይ እንዲለቀቅ የተቀመጠው በሰከንድ 17 ሜትር ኩብ ነበር። ያ በዓመት ሲሰላ 536 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከ862 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር 326 ሚሊዮን ይጎድላል፤ ያውም ውበት ሳይታሰብ።

አሁን ወደ ሎጁ እንምጣ። ጢስ ዓባይ ላይ ሎጅ ይሠራ፣ መዝናኛ ይሠራ፣ መንገዱ እስከ ገደሉ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል፤ የገበታ ለሀገር የቱሪዝም ፕሮጀክት በ2012 ዓ.ም. ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ይዞ ከተነሣ ወዲህማ «ጢስ ዓባይስ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ሆኗል። የሚደግፉት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ጎብኚው ለግማሽ ቀን መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ባሕር ዳር ገብቶ ያድራል፤ ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ ገቢውም የባሕር ዳር ነው። ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ የሚቀረው የጀልባው ክፍያ፣ የአስጎብኚው አበልና ሴቶቹ መንገድ ዳር የሚሸጡት ነጠላና ቅል ነው። ሎጅ ሥራ ያመጣል ሲሉ እውነታቸውን ነው።

የሚቃወሙትም አላጋነኑም። የግል አጥር ገደሉ አፍ ላይ ከደረሰ ከድልድዩ እስከ ኮረብታው ያለው የእግር መንገድ የማን ይሆናል? አሥር ብር ይዞ የመጣ ተማሪ ፏፏቴውን ከየት ቆሞ ያያል? ነጠላ ሻጮቹስ በየትኛው በር ይገባሉ? አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለው ሎጅ ፏፏቴው አጠገብ ነው፤ ደስ የሚል ቦታ መሆኑን የሄደ ያውቃል። ግን አዋሽ ፓርክ ነው፤ በሩም ሕጉም ከሎጁ በፊት የነበረ ነው። ጢስ ዓባይ ዙሪያው የገበሬ ማሳ፣ የከብት መንገድና የውሃ መቅጃ ነው።

የሁለቱም ወገን ክርክር ግን አንድ ነገር ዘሎ ነው የሚጀምረው። ሎጅ የሚሠራው ለሚታይ ነገር ነው። በዓመት ለስንት ወር፣ በቀን ለስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚወርድ በሕግ ያልተጻፈለት ፏፏቴ ፊት ሎጅ የሚሠራ ባለሀብት በሌላ መሥሪያ ቤት የግድብ በር መክፈቻ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያፈሰው። ጠንቃቃው ባለሀብት ይህን አይቶ ይሸሻል፤ የማይጠነቀቀው መሬቱን ይዞ ያጥርና ይቀመጣል። ሁለቱም ለጢስ ዓባይ አይበጁም። ስለዚህ የሕንፃው ክርክር ከውሃው ክርክር በኋላ መምጣት አለበት እላለሁ።

ናያግራ ላይ መሬቱም ውሃውም በሕግ ተወስኗል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካው ዳርቻ በፋብሪካና በግል አጥር ተከቦ፣ ሰው ፏፏቴውን ለማየት ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። የኒውዮርክ ግዛት ከረጅም ሕዝባዊ ግፊት በኋላ በ1885 እ.ኤ.አ. መሬቱን ገዝቶ ለሕዝብ ክፍት አደረገው። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካና ካናዳ በስምምነት ቁጥር ጻፉ፦ በጎብኚዎች ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ከ2,800 ሜትር ኩብ በላይ ፏፏቴው ላይ ይወርዳል፤ በሌላው ጊዜ ቢያንስ ግማሹ። የቀረው ለኃይል ነው። ሌሊት ውሃው ለተርባይን፣ ቀን ለዓይን ይሠራል፤ ሆቴሎቹም በዚያ ቁጥር ተማምነው ቆመዋል። ቁጥር ያልተጻፈለት ሲጠፋ ደግሞ በብራዚልና በፓራጓይ ወሰን ታይቷል፤ በውሃ ብዛት በዓለም ከታወቁት አንዱ የነበረው ጉዋይራ በ1982 እ.ኤ.አ. በኢታይፑ ግድብ ሐይቅ ሥር ሰጠመ።

የእኛ ሕግ ለዚህ መነሻ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች በተመለከተ ሙሉ በሙሉ እንዲመከርና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ግምገማ እንዲደረግ ያስገድዳል። ጢስ ዓባይ ሁለት ከዚህ አዋጅ በፊት ተመርቋል፤ የሚመጣው ሎጅ ግን ከአዋጁ በኋላ ነው የሚመጣው።

ኃይል አንሶን ነበር የሚለው ምክንያትም እንደ ድሮው አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ተደምረው 84 ሜጋ ዋት ገደማ ናቸው፤ ከሕዳሴው አቅም ከመቶ ሁለት እጅ አይሞሉም። ፏፏቴው ላይ የወረደ ውሃም ከዚያ በኋላ ወደ ሕዳሴው ይሄዳል፤ ለኃይል የጠፋ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ በለስ ላይ ነው። የጎደለው 326 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሁሉ ከበለስ ይቀነስ ቢባል እንኳ የበለስን ድርሻ 13 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ለመስኖም ለኃይልም የሚፈልገው አለ። ግን ልንደራደርበት የምንችለው መጠን ነው፤ ድርድሩም የሚያስፈልገው በዋናነት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ላሉት ወራት ነው፤ ክረምት ላይ ፏፏቴው ራሱን ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት የተነሣ ጎብኚ ቀንሷል፤ ጀልባ ቀዛፊውና አስጎብኚው ሥራ ፈተዋል። እነሱ ሰላሙን ነው አስቀድመው የሚጠይቁት፤ ልክም ናቸው። ሰላሙ ሲመጣ ግን መሬት ለመያዝ የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው፤ ደንቡ ከዚያ በፊት መውጣት አለበት።

ደንቡ ረጅም መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ወር ፏፏቴው ላይ የሚወርደውን ዝቅተኛ የውሃ መጠን በሜትር ኩብ ይጻፍ፤ ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ቢሆንም ችግር የለውም። በጨረጨራ በሮች የሚለቀቀው መጠን በየቀኑ ለሕዝብ ይገለጽ፤ በሮቹን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለራሱ ሥራ የሚለካው ስለሆነ አዲስ ወጪ የለበትም። ከድንጋዩ ድልድይ እስከ ኮረብታው ያለው መንገድና መመልከቻው ለማንም የማይሰጥ የሕዝብ ቦታ ይሁን። ሎጁ ከተማዋ ውስጥ ይሠራ፤ እንግዳው በእግሩ ይውረድ፣ መንገድ ላይም ነጠላ ይግዛ። ይህን ለመወሰን የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የአማራ ክልል መንግሥት ከጢስ ዓባይ ነዋሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው። ለመሬቱ ጨረታ የሚወጣው ማስታወቂያም የወሮቹን ቁጥር አባሪ አድርጎ ይውጣ።