ቁልፉ ሳሎን፣ መኪናው ግቢ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ለሌባ ምን ያህል ይመቻል?

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራና በኮተቤ ሲመሽ በብዙ ግቢ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ከሳሎን ሶኬት የተነሳ ወፍራም ገመድ በመስኮት ወጥቶ፣ በረንዳውን አቋርጦ መኪናው ጎን ላይ ይሰካል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ከመገናኛ እስከ ካራ የዕለት ተዕለት መኪና ሆነዋል። የባለቤቶቹ ስጋትም አብሮ መጣ። ቁልፍ ሳይገባበት የሚከፈት፣ ኮምፒዩተርና ሬዲዮ የሞላው መኪና ለሌባ አይቀልም ወይ?

መልሴን ላስቀድም። ሞተሩ በኤሌክትሪክ መሥራቱ ለሌባ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለውጥ የሚያመጣው በሩን የሚከፍተው ሬዲዮና መኪናው የሚያድርበት ቦታ ነው። እኛን በተለየ ሁኔታ የሚያጋልጠን ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ከሬዲዮው እንጀምር። የበሩን እጀታ ስትነኩ መኪናው ደካማ ጥሪ ያሰማል። ጥሪው ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚላክ ሲሆን ከአንድ ሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጥሪውን ሲሰማ በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ በምስጢር የተቆለፈ መልስ ይልካል። ይህ መልስ ግን በአሥር የሚቆጠሩ ሜትሮችን መጓዝ ይችላል። መኪናው መልሱን መርምሮ ትክክል ሆኖ ካገኘው ቁልፉ አጠገቡ እንዳለ ቆጥሮ በሩን ይከፍታል። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው፤ የተረጋገጠው ቁልፉ የራሱ መሆኑ እንጂ ቅርብ መሆኑ አይደለም።

ሌቦች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ መሣሪያውን ይዞ መኪናው አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው ቁልፉ ወዳለበት ክፍል ግድግዳ ይጠጋል። የመጀመሪያው መሣሪያ የመኪናውን ጥሪ ተቀብሎ ለሁለተኛው ያሻግራል፤ ሁለተኛው ለቁልፉ ያሰማዋል። እናት ከጓሮ የተጣራችውን አጥሩ ላይ የቆመ ልጅ ተቀብሎ ለጎረቤት እንደሚያደርሰው ማለት ነው፤ ልጁ የመልእክቱ ትርጉም ባይገባውም መልእክቱ ይደርሳል። ሌቦቹም ምስጢሩን መፍታት አያስፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የ8 አምራቾችን 10 የመኪና ሞዴሎች በዚህ ዘዴ ፈትነው ነበር፤ አሥሩም እጅ ሰጡ። ያኔ የኤሌክትሪክ መኪና ገና ብርቅ ነበር።

አጥራቸው ለተጠጋጋ የየካ ግቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁልፉ በር ጀርባ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለና መኪናው ከዚያው ግድግዳ ማዶ ከቆመ፣ ሌባ የሚፈልገው ርቀት ተመቻችቶለታል። መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የብስኩት ቆርቆሮ ይበቃል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ያግዳል፤ ዝቅተኛውን 125 ኪሎኸርዝ ለማገድ ደግሞ ቆርቆሮ ከስስ የአሉሚኒየም ፎይል ይሻላል፣ ሞገዱ ስሱን ፎይል በከፊል ሊያልፈው ስለሚችል። ቆርቆሮው መሥራቱን ለማወቅ ቁልፉን ከትታችሁ መኪናው አጠገብ ይዛችሁት ሂዱና እጀታውን ሳቡ። ከተከፈተ ክዳኑ አልገጠመም ማለት ነው። ትርፍ ቁልፉንም አትርሱ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ እሱም ጥሪ ይሰማል። ብዙ የቶዮታ ቁልፎች ደግሞ ማስተኛ አላቸው፦ መቆለፊያውን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ስትጫኑ ትንሿ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ብላ ቁልፉ ያንቀላፋል።

ዘላቂው መፍትሔ ርቀቱን በጊዜ መለካት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። እንጦጦ ተራራ ላይ ካለው የምድር ጣቢያ ተነስቶ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. እንደመጠቀችው የኢትዮጵያዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለች ሳተላይት ደርሶ ለመመለስ፣ ሳተላይቷ አናት ላይ ስትሆን 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገጠመው እጅግ ሰፊ ባንድ የሚባለው የሬዲዮ ቴክኖሎጂ ሞገዱ በመኪናውና በቁልፉ መካከል የሚፈጅበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን በሴንቲሜትሮች ልዩነት ያውቃል። ሌባው ሞገዱን ባሻገረ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ ከብርሃን የሚፈጥን መሣሪያ የለምና። መኪና ስትመርጡ ይህ ቴክኖሎጂ እንዳለው መጠየቅ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቅ ይበልጣል።

ሌቦች ሬዲዮውን ጨርሶ የሚተዉበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን ውስጥ የአንድ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ ቶዮታ ራቭ4 ተሰረቀ። ሌቦቹ የፊት መብራቱን ገመድ ነቅለው፣ በዚያው ገመድ ወደ መኪናው የውስጥ ኔትወርክ የሐሰት ትእዛዝ ልከው ነበር የወሰዱት። የመሣሪያው ሰርኪዩት የተደበቀው ተንቀሳቃሽ ስፒከር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ባምፐሩ ተላቆ ወይም የመብራቱ ገመድ ተነቅሎ ካገኛችሁ የሰፈር ልጆች ነው ብላችሁ አትለፉት።

ማደሪያው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የሀይዌይ ሎስ ዳታ ተቋም የመድን ካሳ ጥያቄዎችን መርምሮ ሲያወጣ ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ በጥቂቱ ከሚሰረቁት ተርታ ተገኝተዋል። ተቋሙ የገመተው ምክንያት ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ ለማግኘት ጋራዥ ውስጥ ወይም ቤት አጠገብ ያድራሉ። የኮተቤው ባለግቢም የዚሁ ዕድል ተካፋይ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ግን ሶኬቱ ፎቅ ላይ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ነው፤ ያለው መተማመኛ የአዳር ፓርኪንግ ጥበቃው ብቻ ነው። ስለዚህ ለኮንዶሚኒየሞች የጋራ ቻርጅ ማድረጊያ መሥራት የስርቆት መከላከያም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ትልቁ ባትሪ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የአይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ወደ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ ከወለሉ ሥር በብሎን ታስሯል፤ ቮልቴጁም ሰው ይገድላል። በጨለማ ተፈቶ የሚወሰድ ዕቃ አይደለም። ለአደጋ የቀረቡት ስፖኪዮውና የፊት መብራቱ ናቸው፤ መዳብ የተሸከመው የቻርጀር ገመድም እንዲሁ። ባለ 12 ቮልቱን ትንሽ ባትሪ ግን ተከታተሉት፤ በሩም አላርሙም የሚሠሩት በእሱ ነው፤ እሱ ከሞተ መኪናው አይጮህም።

አሁን ወደ ራሳችን ችግር ልመለስ። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መኪና የራሱ ሲም ካርድና ጂፒኤስ አለው። ቢሰረቅ ባለቤቱ በስልኩ ያለበትን ያያል። እኛ ዘንድ የሚገቡት ብዙዎቹ ግን ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። አፕሊኬሽኑ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ሲሙም እዚህ አገልግሎት አይሰጥም። ጠንካራው መከላከያ ወደብ ላይ ቀረ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቻይና ውስጥ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገቡ በኋላ ወደ ውጭ የሚሸጡ ናቸው፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልተሰረዘ በአፕሊኬሽን የሚሠራ ቁልፍ በማናውቀው እጅ ይቀራል። የጠፋውን መከታተያ እዚሁ አገር በሚሠራ ሲም ጂፒኤስ አስገጥሞ መተካት ይቻላል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅበት ቅንብር ካለውም አብሩት።

የተረፈው በግዢው ቀን የሚሠራ ነው። ከሊብሬው ጋር ሁለቱንም ቁልፍ ተረከቡ፤ መኪናው ስንት ቁልፍ እንደሚያውቅ ባለሙያ በኮምፒዩተር ያሳያችሁ፤ የቀድሞው አካውንት ዓይናችሁ እያየ ይሰረዝ። ይህ ሳይሆን ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ።